ሐይቁን ለቅሬው ስጡት

ወሎ ያለው የሐይቅ ሐይቅ ቆሮሶ በዕድሜ ታናሼ ነው። እኔ የተወለድኩት በ1967 ዓ.ም. ሲሆን ቆሮሶው በሰው እጅ መጥቶ ሐይቃችን ውስጥ የተለቀቀው ከዚያ ጥቂት ዓመት ዘግይቶ፣ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ደሴ ባለችው ዓሣ ቤቴ ይህን ስናገር ወጣቶቹ ደንበኞቼ ያሾፍኩባቸው ይመስላቸዋል። ዓሣው ሐይቁ ላይ ካለው ጥንታዊ የእስጢፋኖስ ገዳም እኩል የኖረ ነው ብለው ነው የሚያስቡት። አምባዛው አዎ፣ እሱ ከቆሮሶው በፊት ነበረ። ከነራሱ ተጠብሶ ሳህን ላይ የሚቀርብላቸው ቆሮሶ ግን የኛው ዘመን እንግዳ ነው።

ይህን ያነሣሁት ለወሬ ማድመቂያ አይደለም። የሐይቁ ዓሣ እያነሰ መምጣቱን አገር ያወራል። ጥፋቱን አንዱ በወጣቱ፣ አንዱ በነጋዴው፣ ሌላው በመንግሥት ያላክካል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ለማሳ ድንበር፣ ለግጦሽ፣ ለመስኖ ውሃ ተራ ከአያት የወረስነው ደንብ አለን፤ የጣሰ ያፍራል፣ ይቀጣል። አያቶቻችን አስጋሪዎች ስላልነበሩ ለዓሣ እንዲህ ያለ ደንብ አላወረሱንም። ደንቡን የማውጣቱ ነገር በእኛ ላይ ወድቋል። አውጥቶ ማስከበር የሚችለው ደግሞ በእኔ አስተያየት ከወረዳው ይልቅ የሰፈሩ መረዳጃ፣ ቅሬው ነው።

አባዬም አስጋሪ ሆኖ አልተወለደም። ከሐይቁ ዳር ማሽላና ጤፍ የሚያርስ ገበሬ ነበር። በ1977ቱ ድርቅ ከጥንዱ አንዱ በሬ ሞተበትና ከዚያ በኋላ በመቀናጆ ነበር የሚያርሰው። የመቀናጆ እርሻ ደግሞ ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚዘራ እርሻ ነው። ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞረው ያን ጊዜ ነው። ጎረቤቶቻችን ከንፈራቸውን መጠጡለት። ዓሣ ማጥመድ የጨዋ ገበሬ ሥራ አልነበረማ!

ያስተማረው አንድ የጭነት መኪና ረዳት ነው። ልጁ ዝዋይ ያደገ ነበር፤ መኪናቸው ሐይቅ ከተማ ላይ ተበላሽታ መለዋወጫ እስኪመጣ እኛ ቤት ሰነበተ። ካረጀ ጎማ ውስጥ የናይሎን ክር እንደሚወጣ፣ ክሩም ተቋጥሮ መረብ እንደሚሆን ያሳየን እሱ ነው። እሱ በሄደ ማግስት አባዬ ከመንገድ ዳር የተጣለ ጎማ እየጎተተ መጣ። ጎማውን በገጀራ ይሰነጥቀዋል፤ ክሩን በጉጠት እየሳቡ ማውጣት የእኔ ሥራ ነበር። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን እንቀመጣለን። እጄ ይጠቁርና በሳሙናም አይለቅም፤ ተማሪ ቤት ልጆቹ «ጎማ ሠሪዋ» ይሉኝ ነበር።

ለመረቡ መሥሪያ አባዬ ከወይራ የጠረበው አንድ ጠፍጣፋ እንጨት ነበረው። ወርዱ ልክ የእሱ ሦስት ጣት ነው። ክሩ በእንጨቱ ላይ ይዞራል፣ ይቋጠራል፣ እንጨቱ ይሳባል፤ ቀዳዳው በዚያው ልክ ይቀራል። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። እንጨቱ ከእጅ ብዛት ወዝቶ ያብረቀርቅ ነበር። እኔ ስቋጥር ጠበቅ አድርጌ ቀዳዳውን ካሳነስኩት አባዬ ሦስት ጣቱን ሰደድ አድርጎ ይለካና ካልገባለት ያስፈታኛል። እዚህ ላይ አባቴን ጻድቅ ላደርገው አልፈልግም። ቀዳዳውን ያሰፋው ለትንንሾቹ ዓሦች አዝኖ አልነበረም። ጠባብ ቀዳዳ ብዙ ክር ይበላል፤ ክር ደግሞ የሚገኘው በእኔ ጣቶች ነበር። ያን ጊዜ ሐይቁን የጠበቀው የክር እጥረት ነው ብል አላጋነንኩም።

ዛሬ የክር እጥረት የለም። ሞኖፊላመንት የሚሉት፣ ውሃ ውስጥ የማይታይ ቀጭን የፕላስቲክ መረብ ተሠርቶ፣ ታሽጎ ይመጣል። ማንም ማታ በኩራዝ መቋጠር የለበትም። ሲቀደድ ይጣላል፤ የተጣለው አይበሰብስምና ሐይቁ ውስጥ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ እየያዘ፣ የያዘውን እየገደለ ይኖራል። ድህነታችን ያወጣልን ደንብ ድህነቱ በዚህ በኩል ሲለቀን አብሮ ሄደ። እንግዲህ በምትኩ አስበንበት የምናወጣው ደንብ ያስፈልጋል።

አባዬ አስቦበት ያወጣው ደንብ አንድ ብቻ ነበር፤ የመጣበትን መንገድ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ማለዳ፣ ፊላው በበዛበት፣ ውሃው ሳሳ ባለበት ዳርቻ ያደረ መረብ ስናነሣ አንዲት መካከለኛ ቆሮሶ ተይዛለች። አባዬ ሊያላቅቃት ራሷን ዘቅዘቅ ሲያደርጋት ከአፏ ቢጫ ነገር ተንዠረገገ። እንቁላል ነው፤ ከጤፍ የሚበልጥ፣ ከማሽላ ፍሬ የሚያንስ። ጥቂቱ መዳፉ ላይ ቀረ። ጠጋ ብዬ ሳይ አንዳንዱ ውስጥ ሁለት ጥቋቁር ነጥቦች ይታያሉ፤ ዓይን ማውጣቱ ነው። «የጎረቤቷን ልጆች ስትበላ ተያዘች» አለ አባዬ እየሳቀ። ያን ቀን የበላናት እሷኑ ነው።

ነገሩ የገባን ሰንበትበት ብሎ ነው። ነፋስ ያልነበረበት ቀን ነበር። ውሃው ከጉልበቴ በማያልፍበት ቦታ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ዓሣ ጫጩቶቿን ከፊቷ አድርጋ ስትዞር አየሁ። አባዬን በእጄ ጠቀስኩት። እሱ ሲጠጋ ጥላው ውሃው ላይ አረፈ፤ ጫጩቶቹ በአንድ ጊዜ ወደ እናታቸው ሮጡ፤ አፏን ከፈተች፤ ገቡ። አንድም ውጭ የቀረ አልነበረም። አፏን ገጥማ ወደ ጥልቁ ሸሸች። አባዬ «ሱብሃነላህ» ብሎ እዚያው ውሃው ውስጥ ቆሞ ቀረ።

በኋላ ከመጻሕፍት እንዳነበብኩት ወንዱ ሳሳ ባለው ውሃ አሸዋውን ጭሮ ጉድጓድ ያበጃል፤ ሴቷ እዚያ ትጥልና እንቁላሉን በአፏ ትሰበስባለች። ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ ሁለት ሳምንት ያህል በአፏ ይዛ ትዞራለች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። ብዙ ልጅም የላትም። አሁን ሐይቃችን ውስጥ ያለው ካርፕ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ሲጥል የቆሮሶ እንቁላል በመቶዎች፣ ቢበዛ በጥቂት ሺዎች ነው። እንግዲህ አንዲት እናት ቆሮሶ ስትያዝ አንድ ዓሣ ብቻ ተያዘ ብሎ መቁጠር አይቻልም።

አባዬ ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ፊላው ካለበት ሳሳ ካለው ውሃ መረብ ጥሎ አያውቅም። እሱ ብቻ ቢተው ዋጋ እንደሌለውም ገብቶት ጉዳዩን ወደ ቅሬ ወሰደው። ሰዎቹ መጀመሪያ ሳቁበት። የእናቴ ወገኖች የአምባሰል ሰዎች ናቸው፤ በውጫሌ በኩል ቀፎ የሚሰቅሉ። በዚያ ስብሰባ ላይ ከእነሱ አንዱ፣ አጎቴ፣ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ተቀምጦ ነበር። አባዬ ወደ እሱ ዞሮ «ማር ስትቆርጡ እጭ ያለበትን ሰፈፍ ትነካላችሁ?» አለው። «እንዴት ተደርጎ!» አለ አጎቴ። «ያ ዳርቻ እጭ ያለበት ሰፈፍ ነው» አላቸው። ነገሩ በዚህ አለቀ። ከትልቁ ሾላ እስከ ጅረቱ አፍ ድረስ መረብ የሚጥል ቅጣት ይክፈል ተባለ። ወረቀት አልተጻፈም። ዘበኛም አልቆመም። የሚጠብቁት ውሃ ለመቅዳት የሚወርዱት ሴቶችና ከብት የሚያጠጡት እረኞች ነበሩ።

ደንቡ የእኛ መንደር ሰዎች ብቻ እስከሚያሰግሩ ድረስ ሠራ። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ሥራ ያጣው፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰው፣ መሬት ያልደረሰው ሁሉ ከየአቅጣጫው ወደ ሐይቁ ወረደ። እነዚህ ሰዎች የእኛ ቅሬ አባል አይደሉም፤ የሚያፍሩትም የሚፈሩትም የለም። እነሱን የሚገዛ ሌላ ሕግ ደግሞ ገና አልወጣም ነበር።

ሕጉ በኋላ መጣ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ይባላል፤ ክልሎችም የየራሳቸውን አውጥተዋል። ለንግድ የሚያሰግር ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል፤ የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪ እንዲኖር ይደነግጋል። ክፉ ሕግ አይደለም። ችግሩ ሐይቁ ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚያልፍ፣ ዙሪያውን ሁሉ መንደር የሆነ ውሃ መሆኑ ነው። መረቡ የሚጣለው በጨለማ ነው፤ የሚነሣውም ጎህ ሳይቀድ። የማውቃቸው ባለሙያዎች ቅን ሰዎች ናቸው፤ ግን ጀልባ የላቸውም፣ ጀልባ ቢያገኙ ነዳጅ የላቸውም፣ ነዳጁም ቢገኝ ሌሊቱ የሥራ ሰዓታቸው አይደለም።

ውጤቱ እኔ ቤት ይገባል። ጠዋት በሚኒባስ የሚደርሰኝን ጆንያ ስፈታ አየዋለሁ። ዓሣ ቤቱን ስከፍት ለአንድ ሰው አንድ ቆሮሶ ነበር የማቀርበው፤ ከሳህኑ ጭራው ይተርፍ ነበር። አሁን ለአንድ ሰው ሦስት እደረድራለሁ። ሳርድ ደግሞ መዳፌን የማትሞላ ዓሣ ሆዷ እንቁላል ሆኖ አገኛለሁ። ትልልቆቹ ሲያልቁ ቆሮሶ በትንሽነቱ መውለድ ይጀምራል፤ ከዚያ የሚቀረው ትንንሽ ብቻ ነው። እናቶች ሲገዙ «ልጆች ናቸው እኮ!» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ልጆች ሳይሆኑ እናቶች መሆናቸውን አስረዳለሁ። ያስረዳሁት ሰው ያዝናል፣ ይከፍላል፣ ይበላል።

ገበያው እንደሆነ አይጠግብም። ሁዳዴ ሲገባ ዋጋው ይሰቀላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ ትቼ የማየውን ልናገር፦ በሁዳዴ ዓሣ ቤቴ ወንበር አይበቃም። አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። እኛ ወሎዬዎች ተጋብተን፣ ተዋልደን፣ በአንድ ቅሬ ተቀብረን እንኳ የሥጋ ነገር ሲመጣ ሁለት ድስት እንጥዳለን፤ የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ አይገናኝም። ዓሣ ግን ማን አረደው አይባልም። ልጅ ሆኜ ከክርስቲያኗ ጓደኛዬ ጋር ከአንድ ትሪ የበላሁት ብቸኛ «ሥጋ» አባዬ ያጠመደው ቆሮሶ ነው። አምባዛ ሲሆን ግን እሷ እጇን ትሰበስባለች፤ ቅርፊት የለውምና። ይህ ዓሣ ቢጠፋ ወሎ የሚያጣው ገቢ ብቻ አይደለም።

ውሃው ራሱ ተለውጧል። ቆሮሶው ከመግባቱ በፊት፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የታተመ ጥናት ሐይቁ ብዙ ሜትር ወደ ታች የሚያሳይ ጥርት ያለ ውሃ እንደነበር ይናገራል። ከዓሣው መግባት በኋላ የተሠሩት ጥናቶች ያገኙት አረንጓዴ የሆነ፣ ጥራቱ በብዙ እጥፍ የቀነሰ ውሃ ነው። የአንከርካ ወንዝ ይገባበታል፣ በገጽ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም፤ ከማሳ የታጠበ አፈርም ማዳበሪያም እዚያው ይቀራል። አንድ ዓሣ ስንለቅ ሐይቁን ሙሉ እንደነካን ማን አስቦት ነበር? እኔ ግን የለቀቁትን ሰዎች አልወቅስም። በዚያ ዘመን ወሎ ላይ የሚበላ ነገር የጨመረ ሰው እጁ ይባረክ።

የጣናን ነገር የሚያውቅ «ቅሬ ምን ይሠራል፣ እዚያ እኮ ጥንታዊ አስጋሪዎች እያሉ ዓሣው አልቋል» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፣ ነገር ግን ምክንያቱን እንይ። የጣና ጥንታዊ አስጋሪዎች የሆኑት ነገደ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ለዘመናት ሲያጠምዱ ጣና አልጎደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። አስጋሪውም ባርበስ የሚባሉት ትልልቅ ዓሦች ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሲወጡ የወንዞቹ አፍ ላይ ይጠብቃቸው ጀመር። ተመራማሪዎች እንደለኩት ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የእነዚህ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል ወረደ። የወይጦዎቹን ዕውቀት የጠየቀ አልነበረም፤ ሰዎቹን የሚንቅ እንጂ። እኛ የሐይቅ ሰዎች የምንንቀው የቆየ አስጋሪ እንኳ የለንም። ያለን ቅሬ ነው።

ወሎ ላልኖረ አንባቢ፣ ቅሬ አዲስ አበባ ዕድር የሚሉት ነገር ዘመድ ነው፤ ሥልጣኑ ግን ይሰፋል። ቀብር ያስፈጽማል፣ ጠብ ያበርዳል፣ የተከለለ ግጦሽና ደን ያስጠብቃል። ዳኛው የሚመረጠው በሰፈሩ ሰው ነው። ቅጣቱ መጀመሪያ ገንዘብ ነው፤ እንቢ ላለ ሰው ማኅበራዊ ኑሮው ይቋረጥበታል፦ ሰው አይጠይቀውም፣ እሳት አይሰጠውም፣ ሲሞት የሚያነሣው የለም። ጨካኝ ነው? አዎ፣ ሲጨክን ጨካኝ ነው። ግን በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን ሲያዳርስ መሥሪያ ቤቶቹ ሁሉ ተዘጉ፤ ቅሬ አልተዘጋም። ሙታንን ያነሣው፣ የተዘረፈውን ቤተሰብ እህል አዋጥቶ ያበላው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ተቋም እያለን ሐይቁን ለመሥሪያ ቤት መዝገብ መተው አይገባኝም።

ሰው ያለ ዘበኛ ወሰን ያከብራል ወይ ለሚለኝ መልሱ እዚያው ሐይቁ ላይ አለ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያቋቋሙት የእስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባበትም። ገዳሙ ያለበት ቦታ ድሮ ደሴት ነበር፤ ውሃው ሸሽቶ ዛሬ ከየብስ ተያይዟል፤ በእግር ይገባል። አባዬ እስላም ነው፤ ገዳሙ በእሱ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። ሆኖም እኔን አሳፍሮ ሲቀዝፍ፣ የአምባሰልን ዜማ እያንጎራጎረ፣ ከገዳሙ ዳርቻ ገና በሩቁ ታንኳዋን ይጠመዝዛል። «ሴት ልጅ ይዤ አልጠጋም» ይላል። ከእኛ ሌላ ማንም በሌለበት ውሃ ላይ። ያ ወሰን ከ700 ዓመት በላይ የቆየው ሰው ሁሉ የእኔም ነው ስላለ ነው።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የወሰደችው የጋራ ሀብት የግድ ወይ በመንግሥት ወይ በግል ባለቤት እጅ ካልገባ ይጠፋል የሚለውን ወሬ በማስረጃ ስላፈረሰች ነው። ከምሳሌዎቿ አንዱ አላንያ የተባለች የቱርክ የባሕር ዳር ከተማ ነች። አስጋሪዎቹ በቦታ ሲደባደቡ ኖረው መጨረሻ ላይ ዕጣ መጣል ጀመሩ፤ የሚሰገርበት ቦታ ሁሉ ተለይቶ ስም ተሰጠው። ሁሉም በየቀኑ ወደሚቀጥለው ቦታ ይዛወራል፤ ጥሩው ቦታም መጥፎውም ለሁሉም ይደርሳል። የሰው ተራ የነጠቀን የሚይዘው ፖሊስ አይደለም፤ በዚያ ቀን ተራው የነበረው ሰው ራሱ ነው። ዕጣ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ቅርጫ ስንከፋፈል የምናደርገው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። መንግሥት ሕጉን እንደያዘ፣ ሳሳ ያሉትን የመራቢያ ዳርቻዎች በየአቅራቢያቸው ላሉ ቅሬዎች በጽሑፍ ይስጥ፤ ቅጣቱንም ወረዳው ይወቅላቸው። ብዙ ሰው «በመራቢያ ወቅት ሐይቁ ይዘጋ» ይላል። እኔ አልስማማም። ወር መዝጋት ከባድ ነው፤ በዚያ ወር አስጋሪው ምን ይበላል? ቦታ መዝጋት ግን ይቻላል፤ ሳሳ ያለው ውሃ ደግሞ ከዳር ይታያል። መረብ የጣለ ሰው ውሃ ከምትቀዳ ሴት ዓይን አያመልጥም። ከምንም በፊት ደግሞ ወደ ዳር እየተጎተተ የሚወጣው መረብ ይቅር። እሱ ጉድጓዱንም እንቁላሉንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ጠርጎ ነው የሚወጣው። የትኛው ዳርቻ እንደሚዘጋ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎችና የወሎ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከአስጋሪዎቹ ጋር ዞረው ያመልክቱ። አስጋሪዎቹ ቦታውን ያውቁታል፤ እዚያ የሚያሰግሩትም ስለሚያውቁት ነው።

ቅሬ መልአክ አይደለም። የሽማግሌ ወንዶች ጉባኤ ነው። መሬት የሌለው ወጣት እዚያ ድምፁ አይሰማም፤ ሴት ደግሞ ቡና አፍልታ ትወጣለች። ሐይቁን እንዲህ እንደሆነ ብንሰጠው ወጣቱን ያባርራል፣ ነገሩም ተመልሶ ሌሊት ይሆናል። በዓሣ ጉዳይ ሲቀመጥ እንግዲህ የአስጋሪ ማኅበራቱ ወጣቶች የቅሬው አባል ሆነው ይቀመጡ፤ ጥልቁ ውሃ ላይ ያለው ቦታ በዕጣ ይዳረስ። የሚያርዱትና የሚሸጡት ሴቶችም ይቀመጡ፤ የዓሣን ሆድ ከፍተው የሚያዩት እነሱ ናቸው። ከሌላ ወረዳ የሚመጣ ሰውም የዳርቻው ቅሬ ሳያውቀው መረብ አያውርድ።

የቅሬ እጅ ደሴ አይደርስም፤ እዚህ ኃላፊነቱ የኛ ነው። በየስብሰባው «ለሰው ዓሣ ከመስጠት ማጥመድ ማስተማር» እየተባለ ሲጨበጨብ ሰምቻለሁ። ሐይቅ ላይ ማጥመድ ያልተማረ ሰው የለም። የጠፋው ትንሹን ዓሣ አልገዛም የሚል ሰው ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ያለን ዓሣ ቤቶችና ሆቴሎች ተነጋግረን የዓሣውን መጠን በአንድ ልክ ብንቆርጥ፣ ከዚያ በታች የሆነው ገዢ አያገኝም። እኔ ዘንድ ከበሩ አጠገብ የአባዬ የወይራ እንጨት ተሰቅሏል፤ ሦስት ጣት ወርድ። የዓሣው ወርድ ከዚያ ካነሰ አልቀበልም። ነጋዴዎቹ ይነጫነጫሉ፤ አንዱ ጆንያውን አንሥቶ ከእኔ ወዲያ ማዶ ላለው ቤት ሸጧል። ብቻዬን ሆኜ የማሸንፈው ነገር አይደለም።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ትንሽ ነው፤ ሕግ አውጪዎች ግን ይረሱታል ብዬ እፈራለሁ። ቅሬውም ወረዳውም ደንቡን ሲያጠብቁ በመንጠቆ የሚያጠምዱትን ልጆች አይንኩብኝ። ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋር ዳር ቆሞ ትል ሰክቶ የሚጠብቅ ልጅ ፈቃድ አይጠየቅ፤ በተዘጋውም ዳርቻ ቢሆን። እናት ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ሳለ ስለማትበላ መንጠቆ ብዙም አይዛትም፤ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ልጁ ግን እዚያ ሲቆም ጫጩቶቹን ያያል። ሴት ልጅ ከሆነችም እንደ እኔ ታንኳ ላይ ትውጣ፤ ሰው ያወራል፣ ያውራ። አባዬ ሲወራበት «ውሃው ወንድና ሴት አይለይም» ብሎ መቅዘፊያውን ለእኔ ይሰጠኝ ነበር።